ጀልባው ላይ ማን አለ?

አምባቸው ያንን አውሮፕላን በዓይኑ ሳያየው ዓመት ሙሉ አብርሮታል። አትላንታ አጠገብ ኢስት ፖይንት ካለው ሆቴል ወደ ኤርፖርት በሻትል የሚያመላልሳቸው መንገደኞች ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ፣ ሾፌራቸው በመጪው ሐምሌ አላስካ እንደሚሄድና እዚያም እንደ ዳክዬ ውሃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ እንደሚገባ ይነገራቸዋል። ቲፕ የሚሰጡት ለሻንጣው ይሁን ወሬው እንዲያበቃ እንጃ።

ጉዞው የእድሩ ነው። አምና ተሰብስበው ትልቁን የክሩዝ መርከብ ቡክ ሲያደርጉ ሁሉም ነገር ፍቅር ነበር። መርከቡ ኬቺካን በምትባል ከተማ አንድ ቀን ይቆማል። እዚያ ሲደርሱ መንገደኛው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በዚያች አውሮፕላን ተራራውንና ፏፏቴውን ከላይ ማየት፣ ወይ በጀልባ አራት ሰዓት ሙሉ ዓሣ ነባሪ ፍለጋ መዞር። የሁሉንም ምርጫ የምትሰበስበው የአምባቸው ልጅ ቢታንያ ናት። የመምረጫው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዛሬ፣ እሑድ ነው።

ቢታንያ ሳንዲ ስፕሪንግስ ፋርማሲስት ናት። በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ አድጋ፣ አሁን ሠላሳ አንድ ሞልቷታል። ከፋሲካ ወዲህ ስቶን ማውንቴን ወዳለው ወላጆቿ ቤት የምትመጣው ለጉዳይ ብቻ ነው። ትስማለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ ትሄዳለች። ብትቆጣው አምባቸው ደስ ባለው ነበር፤ ዝም ያለች ልጅን ግን ምን ይሏታል?

ነገሩ የፊሊሞን ነው። ፊሊሞን እንደሷው አትላንታ ያደገ ጠበቃ ነው። ከቢታንያ ጋር ሦስት ዓመት አብረው ከቆዩ በኋላ፣ በዳግማ ትንሣኤ ማግሥት፣ በወጉ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ መሪ የእድሩ ሊቀ መንበር ይገዙ ነበር። ሦስት ሆነው ሳሎኑ መሃል ቆመው፣ «ሳንቀመጥ የመጣንበትን እንናገር» አሉ።

አምባቸው ልጁን ይወደዋል። ሽማግሌ መቼ ይልካል እያለ ሲጠብቅም ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያረከሰ አባት ነው ብሎ ያምናል። የሚስቱ የተናኘወርቅ አባት ደሴ ላይ የእሱን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ነው የመለሷቸው። እናም አማቹ ያኔ የተናገሩትን፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ ደረቱን ነፍቶ ደገመው።

«ልጄ ገና ናት፤ ትምህርቷን አልጨረሰችም። ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ ደጄን እንዳትረግጡ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የአምባቸው ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ያመለጠው ግን ያን ቀን ነው። ደሴ ላይ ደጄን አትርገጡ የተባሉት ሽማግሌዎች በሳምንቱ ቁጥራቸውን ጨምረው ተመልሰው መጡ። አትላንታ ላይ ሳምንቱም አለፈ፣ ወሩም አለፈ፣ ሁለተኛውም ወር ሞላ፤ ደጁን የረገጠ ፖስታ የሚያመጣው ሰው ብቻ ነው።

እንዳይጠራቸው፣ የሴት ወገን «ኑልን» አይልም። ተናኘወርቅንም ያንኑ ቀን፣ «ወጉ ነው፣ ይመለሳሉ፤ ጓጉተው ነበር እንዳይሉን ለልጅቷ ምንም እንዳትተነፍሺ» ብሎ በማርያም አስምሏታል። እሷም መሐላዋ አንቋት ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጣለች።

ምሳው ተነስቶ ቢታንያ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አምባቸው እንደ ወትሮው ሱፉን ከነክራቫቱ ለብሶ፣ መንገዱ በሚያሳየው መስኮት በኩል ተቀምጧል።

«እሺ አባዬ፣ ያንተ ኢዚ ነው» አለች። «ፕሌኑ ስድስት ሲት ብቻ ነው ያለው፤ ላንተና ለእማዬ ይዣለሁ። ኮንፈርም ላድርገው?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ተናኘወርቅ ከማእድ ቤት። «እኔ እግሬን መሬት ላይ ነው የምፈልገው።»

አምባቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጀልባው ላይ ማን አለ?»

«ጋሽ ይገዙ፣ ጋሽ ካሳሁን...» ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ቀጠለች። «ፊሊሞንም አለ። እንዳትገናኙ ብዬ ነው የለየኋችሁ፣ ኦኬ? ዶንት ዎሪ። ለማንኛውም ዴንቨር ሥራ አግኝቷል፤ ከክሩዙ ስንመለስ ይሄዳል።»

ዴንቨር! ልጁ ከሄደ ሄደ ነው። ልጅቷም ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ «አንተ ሳትመርቀኝ አላገባም፤ ሌላ ሰው ግን አመጣለሁ ብለህ እንዳትጠብቅ» ብላዋለች። በገዛ አፉ ልጁን ቤት ሊያስቀራት ነው። ያ ሁሉ ኩራት አሁን ምን ሊረባው?

የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ጀልባዋ ናት። አራት ሰዓት ሙሉ ማንም ወርዶ መሄድ አይችልም። ይገዙ ደግሞ እንኳን አራት ሰዓት፣ አንድ ቅዳሴ እንኳ ዝም ብሎ አያስቀድስም። አጠገቡ ሄዶ ቢቀመጥለት ነገሩን ማንሳቱ አይቀርም።

«ጀልባው ይሻለኛል» አለ አምባቸው።

ቢታንያ ቀና አለች። «ምን?»

«ጀልባው። አውሮፕላን ጆሮዬን ይደፍነዋል።»

«አባዬ፣ ዋን ይር ሙሉ ስለ ፕሌኑ ነው ስታወራ የነበረው!»

«ዓሣ ነባሪ ማየት አማረኝ።»

«አንተ? ዓሣ ሲጠበስ ከቤት የምትወጣው?»

አምባቸው ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። የቢታንያ ፊት ተለወጠ፤ ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ ተነሳችና አጠገቡ ተንበረከከች።

«ዶክተር ጋ ሄደህ ነበር እንዴ? ምን አሉህ? ደረትህን ያምሃል? አትዋሸኝ።»

«ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ» ቢል ማን ሰምቶት። ከመሳቢያው የደም ግፊት መለኪያውን አምጥታ ክንዱ ላይ ጠመጠመችበት። ከፋሲካ ወዲህ እጁን ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው። አምባቸው በልጁ እጅ ደስ አለው፤ በደስታውም አፈረ። ዴንቨር የሚለውን ስም ከሰማ ጀምሮ ልቡ ሲደልቅ ስለነበር ግፊቱ ጣሪያ ነክቶ ወጣ።

«ኦ ማይ ጋድ!» አለች። «በቃ፣ ማንም የትም አይሄድም። ክሩዙን ካንስል አደርገዋለሁ። ሁላችንም እንቀራለን።»

እጇን ወደ ላፕቶፑ ስትሰድ ተናኘወርቅ ፎጣዋን ወርውራ መጣች።

«እመቤቴ ማርያም መሐላዬን ትፍታልኝ! አባትሽ ጤነኛ ነው። ጀልባው ላይ የሚፈልገው ዓሣውን አይደለም፤ ይገዙን ነው!»

«ተናኜ...» አለ አምባቸው።

«ዝም በል! ልጄ ስታለቅስ ዓይኔ እያየ ሁለት ወር ዝም ያልኩት ይበቃኛል። ቢታንያ፣ አባትሽ አልከለከለሽም። የመጀመሪያውን ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው። የኔም አባት ለሱ ያሉት ይህንኑ ነው። ሦስቴ መልሰው በአራተኛው ሰጡኝ። እሱም ይመለሳሉ ብሎ እየጠበቃቸው ነው።»

ቢታንያ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን አየች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከንፈሯ ላይ መጣ።

«ሁለት ወር አልቅሻለሁ፣ አባዬ። ሁለት ወር!»

«እኔስ?» አለ አምባቸው። «በየእሑዱ ሱፍ ለብሼ መስኮቱ ሥር የምቀመጠው ለማን መሰለሽ?»

«ለቸርች ነዋ።»

«ቤተ ክርስቲያን በጠዋት አለቀ። እስከ ማታ የማላወልቀውስ?»

አሁን ገባት። ክራቫቱን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ መንገዱን አየች። እንባዋ ወረደ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቶሎ እሺ ካልኩ ልጁን አራከሳት ይላሉ። ተለምኖብሽ፣ ተደክሞብሽ እንድትሄጂ ነው የፈለግሁት። የኔ ልጅ ዝም ብላ የምትገኝ ናት እንዴ?» የክራቫቱን ጫፍ ጠቀለለ። «በኋላ ደግሞ እንዴት እንደምመልሰው ጠፋኝ።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የግፊት መለኪያው ገመድ በመሃላቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ትንሽ ቆይታ ግን አፍንጫዋን ጠርጋ ስልኳን አነሳች፤ ለፊሊሞን ልትደውል ነው። አምባቸው ከወንበሩ ዘሎ እጇን ያዘ።

«እንዳትደውዪ! ዕድሜ ልክሽን 'ኑ ብለሽ ያስመጣሽን አንቺ ነሽ' ትባያለሽ።»

«አባዬ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ!»

«ይሁን። ለይገዙ ጻፊለት። አባዬ አውሮፕላኑን ትቶ ጀልባው ላይ ገብቷል በይው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ዓመት ሙሉ በአውሮፕላኑ ጆሮውን ያደነቆርኩት ሰው እኮ ነው። ይበቃዋል።»

ጻፈች። መልስ አልመጣም። አምባቸው ክራቫቱን አስተካክሎ መስኮቱ ሥር ተመልሶ ተቀመጠ። ተናኘወርቅ የምሳውን ዕቃ አጥባ፣ ቡና አፍልታ ሦስተኛውን ስትቀዳ አንድ መኪና መጥቶ ከግቢው ውጭ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

ይገዙ ነው፣ ያኔም አብሮት ሽማግሌ ሆኖ ከመጣው ከካሳሁን ጋር። ይገዙ እጁ ላይ ስልክ ይዟል፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ተሳፋሪ ጭኖ እየነዳ ስለሆነ ድምፁ ብቻ ነው የመጣው። ሁለቱ ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ይገዙ ስልኩን ከጎኑ እንደቆመ ሰው ከፍ አድርጎ ያዘው።

«አቶ አምባቸው» አለ። በአዘቦቱ አንተ የሚባባሉ ጓደኛሞች ናቸው፤ ዛሬ ግን ወግ ነውና አንቱ ሆነ። «አላስካ እስክንደርስ ልጠብቅ አልኩ። ግን እኔን ጀልባ ላይ ያስመልሰኛል። ሽማግሌ ደግሞ እያስመለሰ ልጅ አይጠይቅም።»

«እስካሁንስ ምን አስቀራችሁ?» አምባቸው ሳያስበው አመለጠው።

«ልጁ ነዋ! ጠበቃ ነው። ልመለስ ስለው፣ 'ጋሼ፣ ደጄን አትርገጡ ካሉ ትሬስፓስ ነው፣ ያለፈቃድ ሰው ግቢ መግባት፤ ፖሊስ ይጠራብዎታል' አለኝ። ወግ ነው ስለው፣ 'እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው፣ ሰውየውን አከብራለሁ' አለ። የላከኝ ካልላከኝ በምን አፌ ልመለስ? ዛሬ መልእክቷ ስትመጣ ግን ካለበት ሄጄ አስላክሁት። እንግዲህ በድጋሚ ደጅዎን ረግጠናል። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን እንለምናለን።»

«እንለምናለን» አለ ካሳሁን።

«እንለምናለን» አለ ስልኩ፤ ከኋላው የመኪና ጡሩንባ ተሰማ።

አምባቸው ደረቱን ነፋ። የአማቹ የሁለተኛ ቀን ንግግርም በቃሉ አለ፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ተናኘወርቅ ከኋላ የኮቱን ጫፍ ይዛ ስፌቱ ሊለቅ እስኪደርስ ጎተተችው። ዞር ሲል ቢታንያን አያት፤ የማእድ ቤቱ በር ላይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። በአራት ዓመቷ፣ ይህችን ሀገር የረገጡ ቀን፣ ኤርፖርቱ ውስጥ እንዲህ ሆና ነበር የቆመችው። ደረቱ ውስጥ የነፋው አየር ሁሉ ወጣ።

«ተቀመጡ» አለ።

የሽማግሌ እግር ይህንን ቃል ሲሰማ ሥራው አለቀ። ይገዙ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ተናኘወርቅ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ምን አሉ? ተቀመጡ አሉ?» አለ ስልኩ።

«ተቀመጡ አሉ!»

«ኮንግራጁሌሽንስ!» አለ አንድ የማያውቁት ሰው፤ ተሳፋሪው ነው። ሁሉም ሳቁ። አምባቸው ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሳቅ ከሆዱ እንዳልወጣ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። ክራቫቱን ፈታው።

ከዚያ በመስኮቱ በኩል መኪናውን አየ። የፊት ወንበር ላይ ሰው አለ፤ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። አምባቸው ወጥቶ ሄደና መስኮቱን በጣቱ አንኳኳ። ፊሊሞን መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ውረድ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቁምጣ ነው የለበስኩት። ጋሽ ይገዙ ከጂም ነው ያወጡኝ። ደጅዎን ግን አልረገጥኩም፣ መንገዱ ላይ ነው ፓርክ ያደረግነው።»

አምባቸው ሳቁን ዋጠ። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ።

«አንተ፣ ያቺን ትንሿን አውሮፕላን ትፈራታለህ?»

ፊሊሞን ጠበቃ ነውና ጥያቄው ወጥመድ መሰለው። «እውነቱን ልንገርዎት? በጣም እፈራለሁ። ለዚያ ነው ጀልባ ያልኩት።»

አምባቸው ወደ ቤቱ ዞር ብሎ የሚሰማው ሰው አለመኖሩን አረጋገጠ። ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረውን ለዚህ ልጅ ለመናገር ለምን እንደቀለለው አያውቅም።

«እኔም» አለው።

ቢታንያ ላፕቶፗን እንደታቀፈች በረንዳው ላይ ብቅ አለች። «ጋይስ! ሊዘጋብኝ ነው! አባዬ፣ ላስት ታይም፣ ፕሌን ወይስ ጀልባ?»

አምባቸው የመኪናውን በር ከፈተና ልጁን ክንዱን ይዞ አወጣው፤ ከነቁምጣው።

«አውሮፕላን!» ብሎ ጮኸ። «የእናትሽን ወንበር ለልጄ ጻፊለት!» ከዚያ ፊሊሞንን ወደ ደጁ እየመራው፣ በጆሮው፣ «አይዞህ» አለው፣ «አብረን እንፈራለን።»