አራተኛው ቅጂ

አራት ወንዶች ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ተቀምጠው አንዲት ነጭ ወረቀት አይተው ፕሪንተር መረጡ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ቆሽቴ ያርራል።

እኔ የጭነት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ከመጋዘኑ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሾፌሮች የጭነት ሰነድ አትሜያለሁ። ሰነዱ ተደራርበው የተያያዙ አራት ወረቀቶች ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝና አረንጓዴ። የፕሪንተሩ መርፌዎች ነጩን ሲመቱት ምቱ ወደ ታች ይወርድና አራቱም ላይ ይጻፋል። ነጩ መጋዘን ይቀራል፣ ቢጫው ቢሮ ይገባል፣ ሮዙን ዕቃ ተረካቢው ይይዘዋል፤ አረንጓዴው የሾፌሩ ነው። ተረካቢው ዕቃውን ከቆጠረ በኋላ አረንጓዴው ላይ ፈርሞ ማህተም ይመታበታል። ሾፌር ነገ ተነገወዲያ ነገር ቢመጣበት የሚከራከርለት ያ አረንጓዴ ወረቀት ብቻ ነው።

አሮጌው ፕሪንተራችን ባለ ዘጠኝ መርፌ ነበር። ሲያትም ጎረቤት ይረብሻል፤ ፊደሉም ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ግን አራተኛው ወረቀት ላይ ያሳረፈውን ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ ያነበዋል። አንድ ጠዋት መርፌዎቹን የያዘው ጭንቅላቱ ተቃጠለ፤ መለዋወጫውም የለም ተባለ። እኔም በዚያው ቀን የሚያስፈልገንን ጻፍኩ፦ ባለ ዘጠኝ መርፌ፣ ሰፊውን ወረቀት የሚወስድ፣ ከዋናው ሌላ ሦስት ቅጂ አጥርቶ የሚያወጣ። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ እንዴት ይጻፋል?

የግዢ ኃላፊው ሦስት ፕሪንተር አስመጥቶ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስደረደረ። እኔን ማን ጠራኝ? ማንም። ከጽዳት ሠራተኛዋ ሰምቼ፣ አንድ እሽግ ባለ አራት ወረቀት በብብቴ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ምክትሉ፣ የግዢ ኃላፊው፣ የኮምፒውተር ባለሙያውና ስብሰባ በተባለበት የማይጠፋው የሰው ኃይል ኃላፊ ተሰይመዋል።

መጀመሪያ የሞከሩት ባለ ዘጠኝ መርፌውን ነው። ጮኸ። ምክትሉ ጆሮውን ያዘና "ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያመጣችሁልኝ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ። ሁለተኛው ፕሪንተር ወረቀት ነክሶ ቀረና ከውድድር ወጣ። ሦስተኛው ባለ ሃያ አራት መርፌ ነው፤ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ፊደሉ የመጽሐፍ የሚመስል። ባለሙያው ብልጥ ነው፤ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ የምክትሉን ስም ከነማዕረጉ አተመበት። ምክትሉ መነጽሩን አድርጎ የገዛ ስሙን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ይሄማ ጥራት ነው" አለ።

እሽጌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "በዚህኛው ወረቀት ይሞከርልኝ።"

"እሱ በኋላ ይደርሳል፣ እህቴ" አለኝ የግዢ ኃላፊው።

"በኋላ መቼ? የምንሠራው እኮ በዚህ ነው።"

"ሃያ አራት ከዘጠኝ አይበልጥም?" አለኝ ባለሙያው፣ ቁጥር ለሕፃን እንደሚያስተምር ሰው።

"የመርፌው ብዛት ለፊደሉ ማማር ነው። መርፌው በቀጠነ ቁጥር ምቱ ይሳሳል። እኔ የምፈልገው የሚያምረውን ሳይሆን የሚመታውን ነው።"

"እትዬ ዱላ ነው የፈለጉት" አለ የሰው ኃይሉ፤ እንደገና ሳቁ።

እሽጌን ይዤ ወረድኩ። በማግስቱ ያየሁት ቃለ ጉባኤ "ድምፁ ዝቅተኛ፣ የሕትመት ጥራቱ የላቀ" ይላል። አራቱም ፈርመውበታል። ለባለ አራት ቅጂ የሚገዛ ፕሪንተር በአንድ ነጠላ ወረቀት ሞክሮ የሚመርጥ ኮሚቴ ከእኛ መሥሪያ ቤት ሌላ የት እንደሚገኝ አላውቅም።

ሥራ በጀመረበት ቀን የፈራሁት ሆነ። ነጩ ያማረ፣ ቢጫው ደህና፣ ሮዙ የደከመ። አረንጓዴው ላይ ግን ከማተሚያ ቤት ተጽፎ ከመጣው የድርጅቱ ስም በቀር ምንም የለም። ባለሙያውን ጠራሁት። የወረቀት ውፍረት የሚስተካከልበትን ማንሻ ወዲያ ወዲህ አደረገና "አዲስ ሆኖ ነው፣ ይለመዳል" ብሎኝ ሄደ። ፕሪንተር ጫማ ነው እንዴ የሚለመደው? አረንጓዴው ላይ በእስክሪብቶ እንዳልጽፍበት ደግሞ እጅ የነካው ሰነድ አይሠራም የሚል ደንብ አለ። ውጭ አሥራ አንድ መኪና ተሰልፎ ክላክስ ያንባርቃል።

ከሰልፉ ፊት የነበሩት አባባ ቀስ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ሲይዙ፣ ለቸኮለባቸው ሁሉ "ቀስ" ስለሚሉ ቀስ ተብለው ቀሩ። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። በወጣትነታቸው ሾፌር የነበረው የአባቴ ረዳት ስለነበሩ እኔን "ልጄ" ነው የሚሉኝ። ሦስት መቶ ሃያ ካርቶን ሳሙና ጭነዋል። አረንጓዴውን ተቀብለው አገላበጡት።

"ልጄ፣ ይሄ ባዶ ነው እኮ።"

"ችግር የለውም አባባ፣ ሌሎቹ ላይ አለ። ይሂዱ፣ እኔ አለሁ።"

እንደዚህ ነው ያልኳቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

በአሥረኛው ቀን ከተረካቢው ደብዳቤ መጣ፤ የደረሰን ሁለት መቶ ሰማንያ ካርቶን ነው፣ አርባ ጎድሏል ይላል። አባባ ቀስ አረንጓዴያቸውን አወጡ። ማህተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ ቁጥር የለም። የሰው ኃይሉ ወረቀቱን ሲያይ አሳ ያጠመደ መሰለው። ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም አስመትተህ የፈለግኸውን ልትሞላበት ነበር አላቸው። አንተ አላቸው፣ የአባቱን እኩያ። የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሏቸውና ጉዳያቸው ለዲሲፕሊን ተመራ። ከተባረሩ ደግሞ የሠላሳ አንድ ዓመት ድካማቸው በሌብነት ስም ሊዘጋ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

እኔስ? እኔ ሦስት ቀን ቤቴ ስጮህ ሰነበትኩ። ምክትሉን ሰደብኩ፣ ባለሙያውን ሰደብኩ፣ ድስት እያጋጨሁ ኮሚቴውን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩ። ባለቤቴ እራቱን በልቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይሄን ሁሉ ለእኔ ከምትነግሪኝ ለእነሱ አትነግሪያቸውም?"

ወረቀቱን ማን ሰጣቸው ቢባል መልሱ እኔ ነኝ። ለእንጀራዬ ፈራሁ። እነሱ ላይ የተናደድኩትን ያህል ራሴ ላይ ተናድጄ አደርኩ።

ዲሲፕሊኑ በተቀመጠበት ጠዋት ፕሪንተሩን ነቀልኩና ከአንድ ወዛደር ጋር ተሸክመን ደረጃውን ወጣን። ምክትሉ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። አባባ ቀስ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀምጠዋል። እነዚያው አራቱ ከጠረጴዛው ወዲያ አሉ፤ መራጮቹም እነሱ፣ ፈራጆቹም እነሱ።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ምክትሉ።

"የመረጣችሁት ፕሪንተር ነው። ያን ጊዜ በኋላ ይሞከራል ተብያለሁ። በኋላ ማለት አሁን ነው።"

እዚያው ካለው ኮምፒውተር ጋር አያይዤ፣ ባለ አራቱን ወረቀት አስገብቼ ሦስት መቶ ሃያ ካርቶን ሳሙና ብዬ አተምኩ። ድምፁ በእርግጥም ለስላሳ ነው። አረንጓዴውን ገንጥዬ ምክትሉ ፊት አኖርኩት።

"ያንብቡልኝ።"

መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ። ወረቀቱን ለግዢ ኃላፊው አሳለፈው፤ እሱ ለባለሙያው። ባለሙያው እጁን ወደ ማንሻው ሲሰድ "ተወው፣ አይለመድም" አልኩት። ፕሪንተሩ ከገባ ወዲህ ከመስኮቴ የወጣው አረንጓዴ ሁሉ ባዶ መሆኑን ነግሬ፣ ከሌሎቹ ሾፌሮች የሰበሰብኳቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ማህተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ ቁጥር የለም።

ከዚያ ምክትሉ መውጫ አገኘ።

"ባዶ መሆኑን እያወቅሽ ለምን ሰጠሽ?"

"ስለፈራሁ። መኪናው ተሰልፏል፣ እናንተም አትሰሙም። ቢሆንም ባዶውን እያየሁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ባዶ ነው ብለውኛል። ችግር የለውም፣ እኔ አለሁ ብዬ ላክኋቸው። ይጻፍልኝ።"

የሰው ኃይሉ ፋይሉን አገላበጠና ግንባሩን ቋጠረ።

"እሳቸው ግን እንዲህ አላሉም። ሦስት ጊዜ ጠይቀናቸዋል። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ ደክሞ ባዶ መሆኑን አላየሁም ነው ያሉት።"

ወደ ጥጉ ዞርኩ። አባባ ቀስ ኮፍያቸውን ነው የሚያዩት። እኔ ሦስት ቀን መሥሪያ ቤት አፌን ዘግቼ ስቀመጥ እሳቸው እኔን ላለማስነካት በገዛ ዓይናቸው ላይ ሲመሰክሩ ከርመዋል። ዓይኔ ደክሟል ያለ ሾፌር ደግሞ በሌብነት ባይባረር በዓይኑ እንደሚባረር ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ለአራቱ አዘጋጅቼው የነበረውን ስድብ ሁሉ እንደያዝኩ ወረድኩ።

ቁልፋቸው በሳምንቱ ተመለሰላቸው፤ የዓይን ምርመራም አዘዙባቸው፣ አለፉ። አርባው ካርቶን የት እንደገባ ተረካቢው የራሱን መጋዘን ይፈትሽ ተባለ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ለኮሚቴው ምንም አልደረሰውም፤ ያ የሚያምረው ፕሪንተር ምክትሉ ቢሮ ገብቶ ደብዳቤ ያትምለታል። ለእኔ ያንን ወፍጮ ቤት የተባለውን ገዙልኝ።

አሁን አራቱም ወረቀት ላይ አጥርቶ ይጽፋል። አባባ ቀስ መስኮቴ ጋ ሲደርሱ ሰላም ይሉኛል፣ ልጆቼን ይጠይቃሉ። ከዚያ አረንጓዴውን ተቀብለው እዚያው ቆመው፣ ከላይ እስከ ታች መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ከኋላ ያሉት ክላክስ ይነፋሉ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳያነቡ ከእጄ ወረቀት ወስደው አያውቁም።