ጋሽ መኩሪያ ብቻቸውን የሳቁበት ፊልም

ጋሽ መኩሪያ ብቻቸውን ሳቁ። ሳቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ "ወጣች! ወጣች! ጳጳሱ ራስ ላይ ወጣችላችሁ!" ብለው ጮኹ።

በእትዬ ተሾመች ሳሎን አግዳሚ ላይ የተጣበበው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ ጳጳስ የለም። የወጣች ነገርም የለችም። ያለው አንድ ቀጭን አስተናጋጅ ነው፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ አሠሪው ደግሞ በሩን በጣቱ ያሳየዋል። ሰውዬው ከሥራው እየተባረረ ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ፅጌረዳ ጎናቸውን በክርኗ ጎሰመቻቸው።

"አባባ!"

"ምነው? አንቺን አላሳቀሽም?"

ፅጌረዳ ይህን ፊልም ገና ሳታየው ነው የምታውቀው። አባቷ በንጉሡ ጊዜ፣ ጎረምሳ ሳሉ፣ ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩት የጣሊያን ቀልድ ነው። አስተናጋጁ ከሰርግ ቤት ዳክዬ ይሰርቅና ካፖርቱ ውስጥ ይደብቃል፤ ዳክዬዋም ሹልክ ብላ ወጥታ የተጋበዙት ጳጳስ ራስ ላይ ጉብ ትላለች። መብራት በጠፋ ቁጥር አባቷ ካፖርታቸውን ደርበው ይህንኑ ለቤተሰቡ ይጫወቱ ነበር። አስተናጋጁም ዳክዬዋም እሳቸው ነበሩ። ጳጳሱ ወንድሟ ግዛው ነበር፤ ነጠላ ጠምጥሞ፣ ጉንጩን ነፍቶ። ግዛው ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሰ ወዲህ ጳጳስ የሚሆን ሰው ጠፋ፤ ጨዋታውም ቀረ።

ስለዚህ የእትዬ ተሾመች መርከበኛ ልጅ ከአሰብ የላከው ካሴት ያ ፊልም መሆኑ ሲሰማ አባቷ እሁድ እስኪደርስ አላስቻላቸውም። ሱፋቸውን ለብሰው ነው የመጡት። ለቪዲዮ!

ካሴቱ እንደሆነ ድምፁ አይረባም። ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ማንስ ጣሊያንኛ ሰምቶ! ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ይሁን እንጂ ጥርት ያለ ነው። ፅጌረዳ የዳክዬዋን ቦታ ትንፋሿን ውጣ ስትጠብቅ ነበር። ልክ እዚያ ሲደርስ ምስሉ ብልጭ ድርግም አለና ዘለለ፤ ከሰርጉ ቤት በቀጥታ ከሥራ ወደ መባረሩ። አባቷ የሳቁት ያኔ ነው። በልባቸው ይዘውት የመጡትን ሳቅ፣ በልባቸው በያዙት ሰዓት።

እንደ አባቷ የፋብሪካውን ሰርቪስ አውቶቡስ የሚነዳው ሮበሌ ከኋላ ጮኸ። "ጋሼ! እኛ ያላየነውን ከየት አመጡት? ለእርስዎ ብቻ ሌላ ፊልም ተከፈተ እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ተሾመች ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ኧረ እሷን ቦታማ የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ በልቷት ነው። ክሩን አኝኮ አኝኮ ተፋው። አስቆርጬ አስቀጠልኩት። ትንሽ ናት።"

"ትንሽ?" አለች ፅጌረዳ። "እትዬ ተሾመች፣ ወጡን ደፍተው ድስቱን እኮ ነው ያቀረቡልን!"

"አንቺ ምላስሽ ይቆረጥ! ካሴት ሲቆረጥ አይተሽ ነው?"

አባቷ አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርገው አንገታቸውን እንደ ዶሮ ወደ አንድ ጎን ሰበር አደረጉ። "እኔ በምን ልለየው? ምስሉ ራሱ ጉም ለብሷል። ይኼ ካሴት አልቆለታል።"

"የምን ጉም?" ሴትዮዋ ብድግ አሉ። "ድምፁን እንዳሻችሁ ስደቡት፣ አልከፋም። ምስሉ ሲሰደብ ግን አልሰማም! የሰውዬው የካፖርት ቁልፍ ይቆጠራል እኮ!"

"እስቲ ጥረጊው" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

እትዬ ተሾመች ጥጥ በአልኮል ነክረው የዴኩን ሆድ ወለወሉ። ካሴቱን መልሰው ከፈቱት። አስተናጋጁ አሁንም ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑ ላይ ያቀረረው እንባ እንኳ ይታያል።

"አሁንስ?"

"ያው ነው" አሉ አባቷ። "እንዲያውም ባሰበት።"

ሳቁ ቆመ። ያ አሽሟጣጭ ሮበሌ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ ተሾመች ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ጋሽ መኩሪያን አዩ፤ ቴሌቪዥኑን ደግመው አዩ። ንዴታቸው ከፊታቸው ላይ ወረደ።

"አንቺ፣ ያንቺ ዓይን የልጅ ዓይን ነው። እንዴት ነው?" አሏት፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ፅጌረዳ ወደ አባቷ ዞረች፤ አሁንም ዓይናቸውን አጥብበው ቴሌቪዥኑን ያያሉ። 

"አዎ" አለች በመጨረሻ። "ትንሽ ጉም አለው።"

"አለው" አለ ሮበሌ ቶሎ ብሎ። "እኔም ቅድም ልል ነበር።"

ከዚያ ቤቱ ሁሉ ይሉኝታ ያዘው። አንዱ ደብዝዟል አለ፤ ሌላዋ ዓይን ያማል አለች። እትዬ ተሾመች ራሳቸው፣ ልጃቸው ከባሕር ማዶ አምጥቶ የላከውን ካሴት፣ "እውነት ነው፣ አሮጌ ነው፣ ምን ይደረግ" ብለው አሙት። ሽማግሌ ከማሳፈር ካሴት ማማት ይሻላላ።

ወደ ነፋስ ስልክ ሲመለሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አባቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለዋል። ያየ ሰው እያሞላቀቋት ነው ይላል። እሷ ግን ክብደቱን አወቀችው፤ ጉድጓድ ባለበት ሁሉ እጃቸው አጥብቆ ይይዛታል። መርፌ ክር አስገቢልኝ ማለታቸው ትዝ አላት። ጋዜጣውን፣ "አንብቢልኝ፣ ትምህርትሽን እንዳትረሺ" ማለታቸውም። ባለፈው ሳምንት የሚነዱት አውቶቡስ የፋብሪካውን በር ገጭቶ፣ "በሩን አጥብበውታል" ብለው ዘበኛውን መውቀሳቸውም። ሁሉንም በየተራ አምና ነበር። ምን ዓይነት ጅል ናት!

"ሰማሽ አይደል?" አሉ አባቷ። "ሁሉም ጉም ነው አሉ።"

"ሰማሁ።"

"እኔማ ደንግጬ ነበር።" እንደ ልጅ ሳቅ አሉ። "ሮበሌ እንኳ መሰከረ። እሱ እንኳን ለእኔ ለእናቱም አያዳላ!"

"አባባ፣ ሐኪም ቤት ሄደው ለምን አይታዩም?"

እጃቸው ትከሻዋን ጨመቀው። 

"መታየት ማለት እኮ መንጃ ፈቃዴን ቅደዱልኝ ማለት ነው። ከመሪ አውርደው በረኛ ያደርጉኛል፤ እሱም ከተገኘ። ግዛው እስኪመለስ ነው፣ ልጄ። መንገዱን እንደሆነ በልቤ አውቀዋለሁ። ጨፍኜም እነዳዋለሁ።"

 ዳክዬዋንም በልባቸው ያውቋት ነበር፤ ተቆርጣ እስክትጠብቃቸው። መንገድ ደግሞ ማንም ሳይናገር ይቆረጣል። ድልድዩ ጋ የቆመ ከባድ መኪና፣ የተቆፈረ ቦይ፣ አስፋልት የምታቋርጥ ሴት። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር የእናቷ የውብነሽ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክር ፈታይ ናት፤ ፋብሪካው በር እስክትደርስ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ ጥላ ትተኛለች። "አባትሽ ሲነዳ አልጋዬ ላይ ያለሁ ነው የሚመስለኝ" ትላለች።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አሉ አባቷ። ልመና ነበር። አባቷ ሲለምኗት ፅጌረዳ የመጀመሪያዋ ነው። አልወደደችውም። ቢቆጧት ይሻል ነበር፤ ለቁጣ መልስ ነበራት።

ውብነሽ የነገውን የሥራ ጋዋን አጥፋ እየጨረሰች ነበር። ሲገቡ ቀና ብላ ሳቀች።

"እህ፣ ዳክዬዋስ? አሳቀቻችሁ?"

"ምን ዳክዬ አለ!" አሉ ጋሽ መኩሪያ ኮታቸውን እያወለቁ። "ካሴቱ አልቋል፣ ምስሉ ጉም ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ መሰከረ። ልጅሽን ጠይቂያት።"

"ውይ! ስንት ጓጉተህላት የኔ ምስኪን!" አለችና ወደ ፅጌረዳ ዞረች። "እውነት ነው?"

አባቷም ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፈገግ ብለው፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው፣ በዓይናቸው አደራ እያሏት። ግን የሚያዩት በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ካፖርት ነበር። እሷ የቆመችው ከቁምሳጥኑ ጎን ነው።

"እዚህ ነኝ፣ አባባ" አለች ቀስ ብላ።

ፈገግታው ከፊታቸው ሳይጠፋ ድምፁን ፍለጋ ዞሩ። ውብነሽ አየቻቸው። እጇ ጋዋኑ ላይ ቆመ።

ፅጌረዳ ወደ እናቷ ሄዳ ጋዋኑን ከእጇ ወሰደችው።

"ምስሉ ደህና ነበር፣ እማዬ" አለች። "ነገ አውቶቡስ ላይ አትወጪም። ተቀመጪ፣ ልንገርሽ።"