ጤነኛ ሆነህ ድገመው

አምባቸው ሐይቁ መሀል ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በፍቅር አሳበበ። ምክንያት አላጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሶዶ ከተማ ፈጠነች ከምትባል ልጅ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ ሲኖር፣ ከ«እንዴት አደርሽ» ያለፈ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ በዴሳ ከተማ ወዳለው አባቷ ቤት ከሌላ ሰው ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰማ። ስለዚህ በዚህኛው እሁድ የግቢው ተከራዮች አባያ ሐይቅ ላይ ወዳለችው ደሴት ለሽርሽር ሲነሱ ልቡን አጸና፤ ዛሬ ካልተናገረ አለቀለት።

ደሴቷስ ታምራለች፤ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። አምባቸው ግን በዚያ ሐሩር ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «አሁን አንተ ወንድ ነህ?» እያለ ራሱን ይቆጣል።

ፈጠነችን ጥላ ሥር ብቻዋን አገኛት።

«ፈጠነች፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

አላስጨረሰችውም። መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳረፈች።

«ሰሞኑን ቆላ አድረሃል?»

«ዲምቱ አድሬ ነበር። ለመንገድ ቅየሳ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«በአጎበር?»

ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ። ይኼ የደብረ ብርሃን ልጅ አጎበር የፈሪ ይመስለዋል። እሷ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ የምትውል የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ወባ አይጠፋትም።

«ጦና! ጀልባውን አስነሳ!» ብላ ባለጀልባው ላይ ጮኸችበት።

«ኧረ ዓሣው ገና አልበሰለም!» አለ ጦና፤ ቢሆንም ተነሳ። ሌሎቹን ተመልሶ ሊወስዳቸው ተስማሙ።

ጀልባው ላይ የአምባቸው ራስ ሊፈነዳ ደረሰ። ከአሁን አሁን ሞትኩ ብሎ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው፦ እንደሚወዳት፣ ሽማግሌ መላክ እንደሚፈልግ፣ ማታ ማታ ሳቋን በግድግዳው በኩል እንደሚያዳምጥ። ጦና ወሬው እንዳያመልጠው ሞተሩን ቀነስ አደረገ።

ፈጠነች ሻርፗን ነክራ ግንባሩ ላይ አኖረች። «ትኩሳት ያለበት ሰው የሚለውን አልሰማም» አለች። «መድኃኒትህን ጨርስና ጤነኛ ሆነህ ድገመው።»

ሐይቁ ዳር ያለው ጤና ጣቢያ ደሙን መርምሮ ወባ ነው አለ፤ የሦስት ቀን ክኒን ተሰጠው። ሶዶ ከተመለሱ በኋላ ፈጠነች ጠዋትና ማታ በሩን እያንኳኳች፣ ሾርባ አጠጥታ ክኒኑን ታስውጠዋለች። ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አምባቸው ፈራ። በትኩሳት የተናገሩትን በጤና መድገም ከወባው ባሰበት።

ረቡዕ ከሰዓት ልብስ ስታሰጣ ሄዶ ፊቷ ቆመ።

«ፈጠነች፣ ድኛለሁ። እወድሻለሁ። አባትሽ ጋ ሽማግሌ ልላክ?»

እርጥቡን አንሶላ ወደ ሳፋው መለሰችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የእሁዶቹ ሽማግሌዎች እንዳይመጡ ብዬ ሰኞ ለአባቴ ነግሬዋለሁ» አለች። «ተቆጣ። ‹ታዲያ ማን ሊመጣልሽ ነው?› እያለ በቀን ሦስቴ ይደውላል። አንተ ደግሞ ሾርባህን ጠጥተህ ዝም! በል፣ ዛሬውኑ ላክ።»