በወረቀት ላይ ሰማንያ ሶምሳ

የባንኩ ወጣት ማመልከቻውን ገፋ አድርጎ ለሙናቫር መለሰላት።

«ይቅርታ፣ ኦፓ» አለ፤ በኮካንድ ከተማ ታላቅ እህትን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። «ለግብር ባስመዘገቡት መሠረት በቀን የሚሸጡት ሰማንያ ሶምሳ ነው። በሰማንያ ሶምሳ ይህን ሁሉ ብድር መክፈል አይቻልም።»

«ሰማንያውንማ ፀሐይ ሳይሞቅ ነው የምጨርሰው። አንተ ራስህ ትናንት አራት በልተህ አልሄድክም?»

«በልቻለሁ። ወረቀቱ ግን አልበላህም ነው የሚለኝ።»

ሙናቫር ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች። በገበያው አፍ ላይ በሥጋ፣ በስብና በሽንኩርት የታጨቀ፣ ሳምቡሳ መሳይ ሶምሳ ከሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ እየለጠፈች መጋገር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በቀን ስድስት መቶ ትሸጣለች። ሰማንያ ብላ ማስመዝገቧን እስከዛሬ እንደ ብልጠት ስትቆጥረው ኖራለች። አሁን ግን ጎረቤቷ ቆብ ሰፊው ዮኩብ ሱቁን ሸጦ ታሽከንት ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው። እስከ ዓርብ ጠብቆ ለእሷ ካልሆነ ለአንድ የስልክ ነጋዴ ይሸጠዋል። ሰውየው ደግሞ ገና ሳይገዛ ስለ ምድጃዋ ጭስ ማጉረምረም ጀምሯል።

ባሏ እርጋሽ ታክሲው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው።

«ሆሊዳ ጋ እንሂድ» አላት።

«የትኛዋ ሆሊዳ?»

«ግብር ተቆጣጣሪዋ ናታ። ጡረታ ወጥታ አሁን ለነጋዴ ምክር ትሰጣለች።»

 ያቺ ሴትዮ በገበያው በር ብቅ ባለች ቁጥር ሙናቫር የምድጃዋን ክዳን ደፍታ፣ ባዶ ትሪ ታቅፋ፣ ሐዘን እንደገባት ሴት ስትቀመጥ ነው የኖረችው። ቢሆንም ሌላ መላ አልነበራትም።

ሆሊዳ ከጫማ ሰፊው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወረቀት ስታገላብጥ ደረሱባት። ቀና አላለችም።

«ግቢ፣ ምድጃ ዘጊ።»

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ክዳኑን ትደፊያለሽ፤ ሽታውን በምን ልትደፊው? እኔ ደግሞ በባዶ ሆዴ ነበር የምዞረው።»

«ታዲያ ለምን አልያዙኝም?»

«ሽታ ማስረጃ አይሆንማ። ተቀመጪ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ሙናቫር ሁሉንም ነገረቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለባንኩ ብዙ፣ ለግብሩ ትንሽ የሚል ወረቀት አይሠሩልኝም?»

«ሁለት ምላስ ያለው ወረቀት አልሠራም። ለአንዱ ድሃ ከሆንሽ ለሌላውም ድሃ ነሽ።» ሆሊዳ የሒሳብ ማሽኗን ሳበች። «ያለፈውን ዓመት ራስሽ ሄደሽ አስተካክዪ። ሳይመጡብሽ ከቀደምሻቸው ቅጣቱ ይቀላል። በቀን ስንት ትሸጫለሽ? እውነቱን።»

«አምስት መቶ።»

ሆሊዳ በመነጽሯ አናት አየቻት።

«ስድስት መቶ» አለች ሙናቫር።

ሆሊዳ ሥጋውን፣ ዱቄቱን፣ ማገዶውን ሁሉ እየጠየቀች ደመረች፣ ቀነሰች፤ ከዚያ ውዝፍ ግብሩን ከነቅጣቱ የሚያሳየውን ማሽን አዞረችላት። ሙናቫር ቁጥሩን አየች፤ ዜሮዎቹን በጣቷ ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«እኔ እኮ ቤቴን የሚያሸጥ መስሎኝ ነበር።»

«በሁለት ወር ትከፍይዋለሽ። ስትሸሺው የኖርሽው ይህንን ነው።»

ሙናቫር ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ እንባ አመጣባት። በሻሿ ጫፍ ጠረገችና «ዓርብስ?» አለች።

«ባንኩ አሁን ቢያምንሽም ለዓርብ አይደርስም። ዮኩብን ሽጥልኝ ሳይሆን አከራየኝ በይው። ለአንድ ዓመት፤ ሲሸጥ ግን መጀመሪያ ላንቺ እንደሚሸጥ በውል ይጻፍ። እስከዚያ ወረቀትሽ ይጸዳል።»

«እምቢ ቢለኝስ?»

«ጠይቂው እስቲ። እምቢታ አይነክስም።»

ዮኩብ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባ ይታገል ነበር። ሙናቫር መርፌውን ተቀብላ ክሩን እያስገባች ነገሩን አስረዳችው። ሽማግሌው ጢሙን ዳበሰ።

«በየወሩ ነው የምትከፍይኝ?»

«በየወሩ፣ ዮኩብ አካ» አለችው፣ እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ።

«እንግዲያው ለትንባሆዬ አማቼን አልለምንም ማለት ነው። የስልኩ ነጋዴ ገንዘቡን በአንዴ ቢሰጠኝ ልጆቼ በሳምንት ይከፋፈሉታል።» መርፌውን ተቀበላት። «ከኪራዩ ጋር ግን አሥር ሶምሳ በአውቶቡስ ትልኪልኛለሽ። የታሽከንቱ ሣር ሣር ይላል።»

«አሥራ ሁለት እልካለሁ።»

በማግስቱ ሆሊዳ ውሉን ጻፈች፤ ዮኩብ ፈርሞ ሄደ። እሷ ግን ሙናቫርን አልለቀቀቻትም።

«የቤትና የሱቅ ኪስሽ ይለያይ። የሠራተኞችሽን ደመወዝ ንገሪኝ።»

«ሊጥ የምታቦካው ዜቦ፣ አራት ሚሊዮን ሱም። ሽንኩርት ከታፊዋ ሦስት።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የሱቁ ባለቤት ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ትነሺያለሽ?»

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት።»

«ዜቦስ?»

«እሷ አንድ ሰዓት ነው የምትገባው።»

«እንግዲህ እዚያ ሱቅ ውስጥ በነፃ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ሆሊዳ የቅጥር ውል ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋችላት። «ለራስሽ ቁረጪ።»

ሙናቫር ብዙ አሰበችና ሦስት ሚሊዮን ተኩል ብላ ጻፈች። በሩን ተደግፎ የቆመው እርጋሽ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ከዜቦ በታች?» አለ። «እንኳን አንቺ ዘንድ አልተቀጠርኩ።»

ሙናቫር ቁጥሩን አፍጥጣ አየችው። አምና ክረምት የዜቦ ጫማ ሲያፈስ አዲስ የገዛችላት እሷ ነበረች። የራሷን አስጠግና ነው ያደረገችው። ቁጥሩን ሰረዘችና አምስት ሚሊዮን ብላ በደማቁ ጻፈች።

«ሱቁ ይችለዋል?» አለች።

«ይችለዋል» አለች ሆሊዳ። «ከዚህም በላይ ይችላል።»

«አምስት ይበቃኛል። ጭማሪውን የዮኩብን ሱቅ ስንገዛ።»

«ጥሩ» አለ እርጋሽ። «እኔስ ለነዳጅ ከገንዘብ መሳቢያው የምወስደው?»

«ከመሳቢያው ቀረ። ከደመወዜ ትለምነኛለህ፤ የምቀበለው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነው።»

እርጋሽ ሆሊዳን አየ፤ ሆሊዳ መነጽሯን ማጽዳት ያዘች። ሙናቫር ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ሁለት ቦታ ፈረመች፤ አንዱ በአሠሪው ስም ትይዩ፣ ሌላው በሠራተኛዋ።