የሲያምዌላ ቤት ድምፅ

ለቅሶው በሚደረስበት ቀን ጠዋት ላይ ሉያንዶ አንድ የሚነፋ ትርፍ ቀንድ ይዛ አያቷ ሙንሳካ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ዛሬ የዜማውን ክፍተት እንሙላው። እህቴ ተለማምዳለች።»

«አይሆንም» አለ ሙንሳካ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ቀንዶቹ ድሮ ሃያ አንድ ነበሩ። እያንዳንዱ ቀንድ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ድምፁም የአንድ ቤት፣ የአንድ ቤተሰብ ነው። ግድቡ ሲሠራ መንግሥት ሕዝቡን ከዛምቤዚ ወንዝ ዳር በጭነት መኪና እየጫነ አነሳው። የሲያምዌላን ቤት ወደ ማዶ ኮረብታ፣ የቀሩትን ወደዚህ ወሰዷቸው። ወንዙ ሐይቅ ሆኖ በመካከል ተኛ። ሙንሳካ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዜማው የሲያምዌላ ቤት ድምፅ ጋ ሲደርስ ነፊዎቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ይይዙና ቦታውን ዘለው ይቀጥላሉ። ልጆቻቸውንም፣ የልጅ ልጆቻቸውንም እንዲሁ አስተማሩ።

«ሰው ይስቅብናል እኮ! ባለፈው ጥርሰ ወላቆች ብለውናል» አለች ሉያንዶ።

«ይሳቁ። የሰው ቦታ ነው።»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ ባዶውን?»

«ባዶ ነው ያለሽ ማነው?»

ቀንዱን አስቀምጣ ወጣች። ሙንሳካን ያስፈራው ሳቁ አልነበረም። እሱ ሲሞት ክፍተቱ በአንድ ቀን ይደፈናል፤ ሲያምዌላ የሚባል ቤት እንደነበረም የሚያውቅ አይኖርም።

የሞተው የነፊዎቹ ከበሮ መቺ ነበርና ከበሮውን ሉያንዶ ያዘች። ለቀስተኛው ብዙ ነው፤ ከማዶም በጀልባ የተሻገሩ አሉ። ዜማው ክፍተቱ ጋ ሲደርስ አንድ ቀልደኛ ጮኸ።

«ምነው፣ ትን አላችሁ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ሉያንዶ አቀረቀረች፤ እጇ ግን ምቱን አልለቀቀም። ዜማው ዞሮ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ከለቀስተኛው ኋላ አንድ ቀንድ ተነፋ።

ነፊዎቹ ደንግጠው በአንድ ጊዜ አቆሙ።

አንዲት ቀጭን አሮጊት ቀንድ ይዛ ሰዉን እየገፋች መጣች። «ምን ያስቆማችኋል? አባቴ የቀሩት ሃያ ቀንዶች እናንተ ዘንድ ናቸው ብሎኝ ነበር። ዋሽቶኝ ነው?»

«የማን ቤት ልጅ ነሽ?» አለ ሙንሳካ።

«የሲያምዌላ። ናሙንጎ ነኝ። የማውቀው ይህችኑ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እሷኑ ስለምደጋግም ጎረቤቶቼ እንቁራሪቷ ይሉኛል።»

ቀልደኛው እንኳ አልሳቀም። ሉያንዶ ከበሮውን ትታ ተነሳች።

«እማማ፣ ይምጡ። አባባ፣ የት ነው የሚቆሙት?»

«ከእኔ በስተግራ» አለ ሙንሳካ፣ ሳያመነታ።

እንደገና ጀመሩ። የናሙንጎ ተራ ሲደርስ ነፊዎቹ ልጆች እንደለመዱት ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ድምፁ ሲመጣ ግን እሷን ለመስማት ቆመው ቀሩ። ሁለተኛም ጀመሩ፤ አሁንም ተሳሳቱ። ናሙንጎ ቀንዷን ከአፏ አወረደች።

«ልጆችህ ምን ነካቸው?»

«ምንም አልነካቸውም» አለ ሙንሳካ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ቦታሽን እንዳይነኩ አስተምሬያቸው ነው።»