የጋሽ ፍሬን ቱታ

ጋሽ ፍሬን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው፤ አንድም ሥራው የመኪና ፍሬን ሸራ መቀየር ስለነበረ፣ አንድም በሁሉ ነገር ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው ስለሆነ። ገና ጎልማሳ ሳለ አንዲት የጤና ባለሙያ ጋራዡ ድረስ መጥታ መክራቸው ነበር። ከሸራው የሚቦነው አቧራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር አለ፣ ሳንባ ከገባ ተኝቶ ተኝቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይነሳል፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ አለቻቸው። የሰማት እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሸራውን ሲሞርዱ አቧራውን እየማጉ፣ "ጋሽ ፍሬን፣ ሙሽራ መስለሃል፤ እስቲ ፊትህን ግለጥልን" እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጭምብሉን አላወለቀም።

ምክሩ ሌላም ነገር ነበረው። የሥራ ልብስ ቤት አይግባ ይላል። ይኼኛው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። ጋራዡ ልብስ ማጠቢያ አልነበረውም፤ ተሰቅሎ ያደረ ቱታ ደግሞ እግር አውጥቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሚስቱ አለች። ምላሷ ስለት፣ እጇ ንጹሕ ነው። ባሏ በቆሸሸ ቱታ ከቤት ቢወጣ እሷ ራቁቷን አደባባይ የወጣች ይመስላታል። እንዲህ ያለችውን ሴት ቱታዬን አትንኪ ብሎ ማን ይደፍራል?

አሁን የታመመችው እሷ ናት። ከዓምና ጀምሮ ደረቅ ሳል ያዛት፣ ጎኗን ይወጋት ጀመር፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ዛሬ ጠዋት አንድያ ልጃቸው ሆስፒታል ድረስ አምጥታቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋሽ ፍሬን ሚስቱን ደግፎ ገባና ጠባቧ ክፍል ውስጥ ከጎኗ ተቀመጠ።

ወጣቷ ዶክተር ራጁንና ያለፈውን ሳምንት የናሙና ውጤት አይታ አይታ፣ "እናቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?" አለቻት።

"ሥራማ የለኝም። ከዚህ ሰውዬ ጋር መኖር ሥራ ካልተባለ።"

"እሳቸውስ?"

"ፍሬን ሠሪ ነበርኩ" አለ ጋሽ ፍሬን።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ቱታዎን ማን ነበር የሚያጥብልዎ?"

"እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ያጥብለታል?" አለች ሚስቱ፣ የሚያመሰግናት ሰው በመጨረሻ እንደተገኘ ሁሉ። "ደግሞ ዝም ብዬ ውሃ ውስጥ አልነክረውም። መጀመሪያ ደጅ ላይ በደንብ አራግፈዋለሁ። አቧራው እንዴት እንደሚወጣ ብታዪ! እንዲያ ካልተደረገ ውሃው ጭቃ ነው የሚሆነው።"

ዶክተሯ ቀና ብላ ጋሽ ፍሬንን አየችው። ስለ ቱታው የተመከረው ትዝ አለው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ በአድራሻው ይደርሳል ያለ ግን የለም።

ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርታ ነገረችው። የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው፤ ዘግይቷል፣ ከማስታገሻ በቀር የሚደረግ ነገር የለም። አቧራው ሲራገፍ አብሯት የነበረ ሰው ካለ እሱም በየጊዜው ይመርመር አለችው። ሚስቱ ቅያሪውን ቱታ ስታጥብ እሱ ሥራ ላይ ነበር የሚውለው። ማንም አልነበረም አላት።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ "ያቺ ልጅ ኮሪደር ላይ ምን አለችህ? ልታገባህ ነው እንዴ?" አለችው።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ሊተወው ነበር። አልሆነለትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ እየነገራትም አለቀሰ።

"እና አንተ አፍህን ሸፍነህ ተረፍክ፣ እኔ ግን ታመምኩ?" አለችው።

"አዎ።"

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እንባዋ እስኪመጣ አስጨነቃት። ሲለቃት እጁን ያዘችው። "ተወው እንግዲህ። ማን ያውቅ ነበር?"

"እኔ አውቅ ነበር። ቱታው ቤት አይግባ ተብሎ ተነግሮን ነበር።"

እጁን ለቀቀችው። "አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ፊቷ ድንገት አመድ መሰለ።

"ልጄን" አለች።

"ምን ሆነች?"

"ትንሽ ሳለች እኔ የቱታውን ትከሻ፣ እሷ እግሩን ይዘን ነበር እኮ የምናራግፈው። ለብቻዬ ይከብደኝ ነበር። አቧራው ፊቷ ላይ ሲቦንባት ትስቃለች፤ እማዬ ድገሚው ትለኛለች፤ እኔም እደግምላታለሁ።"

ጋሽ ፍሬን ከአልጋው ተነሣ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቀም፤ መልሶ ተቀመጠ።

"መድኃኒት አለው?" አለችው።

"የለውም። እየተመረመሩ መጠበቅ ነው።"

"ምኑን ነው የምትጠብቀው?" አለች፤ ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እንግዲያው አትንገራት። የሚያድናት ነገር ከሌለ እንቅልፏን አትንሳት" አለችው።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ የመድኃኒት ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። እናቷን ጉንጯን ሳመቻት፣ የአባቷን ያበጡ ዓይኖች አየችና፣ "አባዬ፣ ምን ተባለ?" አለች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ያመጣውን አይቷል። ሁለተኛ ዝም ማለት አቃተው። የእናቷን ነገራት፤ ስለ ቱታው ነገራት፤ ልጅ ሳለች እግሩን ይዛ ታራግፈው እንደነበረም ነገራት። ልጅቷ ፌስታሉን እንዳንጠለጠለች ቆማ ሰማችው። ሲጨርስ አጠገቡ መጥታ ትከሻውን አቀፈችው።

"እኔ እኮ ደህና ነኝ አባዬ፤ ምንም አያመኝም" አለችው፣ ልታጽናናው።

"እናትሽም እስከ ዓምና ድረስ ምንም አያማትም ነበር" አላት።