የሚካኤል ዕለት ዝናብ

ባሌ ተስፋነህ ዝናብ ሰፋሪ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ጓሯችን ውስጥ፣ በሽቦ የታጠረ የመንግሥት ዝናብ መለኪያ አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን በመለኪያው ቆርቆሮ የተጠራቀመውን ውሃ በመስፈሪያ ይሰፍርና መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሆነው። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ እርፍ መጨበጥ አልቻለም፤ ለጉና ገበሬ እርፍ አለመጨበጥ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት እኔ ነኝ። ከሰው ፊት መቆም አፍሮ ቤት የዋለውን ሰው ያወጣልኝ ይኸ ቆርቆሮ ነው። አሁን ገበያ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ «ተስፋነህ፣ ትናንት ስንት ጣለ?» ይለዋል። እሱም ጢሙን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ይናገራል። ያን ጊዜ ደስ ይለኛል። ለሱ ግን አልነግረውም፣ ይኮራብኛል።

ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ርብቃ የምትባል ልጅ መጣች። የሐዋሳ ልጅ ናት፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ከአስፋልቱ ወርዳ ጭቃውን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ረግጣ ነው የደረሰችው። እግሯን አጥቤ፣ ቆሎ አቅርቤ ሳበቃ ጉዳይዋን አወጣችው።

«አባባ፣ ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ዝናቡን ይለካል» አለችው። «ልክ መሆኑን የምናውቀው ከእርስዎ መዝገብ ጋር አስተያይተን ነው። ግን አልተስማማችሁም። እሱ ዘነበ በሚልበት ቀን እርስዎ ዜሮ ይጽፋሉ፤ በማግስቱ ደግሞ እጥፍ። ሳይሰፍሩ የቀሩበት ቀን ይኖር ይሆን?»

«አንድ ጠብታ አላጎደልኩም» አላት ባሌ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። የማይስማማ መለኪያ ተነቅሎ ሌላ ቀበሌ እንዲተከል ተወስኗል አለች። የሚነቀሉትን ዝርዝር ዓርብ ታስገባለች።

እኔ ደሜ ፈላ። «እስቲ ይኸ ሳተላይትሽ እንዴት አድርጎ ነው የሚያየው?» አልኳት።

«ደመናውን ከላይ አይቶ ይገምታል።»

«እንግዲያ የጎረቤት ጭስ አይቶ ወጡ ጨው አንሶታል እንደ ማለት ነዋ!»

ሳቀች፣ አልካደችም። ባሌ ግን አልሳቀም። ያን ቀን እራት አልቀመሰም፤ በማግስቱም ውሃውን ሰፍሮ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ዋሸህ ያሉት መስሎታል። አንጀቴን በላኝ።

ሐሙስ ዕለት ርብቃ መዝገቡን በስልኳ ፎቶ ልታነሳ ተመልሳ መጣች። ባሌ መዝገቡን ሰጥቷት ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ «እስቲ ዜሮ ያልሻቸውን ቀኖች አንብቢልኝ» አልኳት። ኮምፒዩተሯን ከፍታ «ጁላይ» ምናምን ስትል ቆጣ አልኩና የኛን ቀን ከመዝገቡ እንድታነብ ነገርኳት።

«ሐምሌ አምስት። ሐምሌ ሰባት። አሥራ ሁለት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ አንድ…»

«አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም» አልኳት።

ከመዝገቡ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ በበዓል ሥራ ይሠራል እንዴ?»

አፏን በእጇ ያዘች። ያን ሁሉ ጊዜ ቀኑን ወደ ፈረንጅ እየመለሰች ነው ስታየው የኖረችው፤ በዚያ አቆጣጠር ሚካኤል ከየት ይታያታል? ባሌን ጠራሁት።

«በበዓል እርፍ ያልጨበጥኩ ሰው መስፈሪያ ልጨብጥ?» አለ እያነከሰ ገብቶ። «መዝገቡን ባዶ አትተው ብለውኛል። ያልሰፈርኩትን ምን ብዬ ልጻፍ? ዜሮ ነዋ። ውሃው የት ይሄዳል፣ በማግስቱ እሰፍረዋለሁ።»

ርብቃ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የበዓሉንና የማግስቱን እየደመረች አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ «ተስማማችሁ» አለችው። ደግሞ ከጉና የምትወርደዋን ስስ ካፊያ ሳተላይቱ አያያትም፤ ካፊያዋ ያለችው በባሌ መዝገብ ብቻ ነው አለች። መለኪያው አይነቀልም፤ ግን ከእንግዲህ የየቀኑ ዝናብ ለየብቻ መጻፍ አለበት።

«በዓል አልሽርም» አለ ባሌ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፣ ካለ አለ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእጄ ላይ ሊፈስ ሆነ።

«አንተ» አልኩት፣ «በሚካኤል የቀዳሁትን ውሃ ትጠጣ የለም? ውሃ መቅዳት መቼ ነው ሥራ የሆነው? በበዓል እኔ ከቆርቆሮው ወደ ጠርሙስ እገለብጠዋለሁ። አንተ በማግስቱ ለብቻው ሰፍረህ ጻፈው።»

ብዙ አሰበ። «ቡሽ ይኑረው» አለ በመጨረሻ።

የነሐሴ ሚካኤል ዶፍ ሲወርድ አድሮ ነጋ። ሦስት ሰዓት ላይ የአረቄ ጠርሙስ አጥቤ ወጣሁ። ባሌ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ አጥሩ ዳር ቆመ።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ይፈሳል» አለኝ።

«በዓል ነው፣ አትዘዝ» አልኩት።

ጠርሙሱን ራስጌው አኖርኩለት። በማግስቱ ሰፍሮ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

በወሩ መጨረሻ ርብቃ መጥታ መዝገቡን ስታገላብጥ ቆም አለች። «እማማ እቴነሽ፣ እዚህ ማስታወሻው ላይ እርስዎ አሉ» አለችኝና አነበበችው፦ «ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር። ውሃውን የያዘችልኝ ባለቤቴ እቴነሽ ናት። እሷ ባትኖር ዜሮ ነበር።»

ባሌ ይኸን ሲሰማ ድንገት የአጥሩን ሽቦ ማጥበቅ አማረው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ድገሚልኝ» አልኳት።